በዓይን የተጠገነ ድምፅ

የካቲት 21

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? እንደ ወጉማ «እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ደህና አይደለሁም፤ ማሽኔ ታሞብኛል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአውቶቡስ ጭነት የሚደርስህ ካርቶን ውስጥ ያለው እሱ ነው። በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ፣ አትሳቅ።

አዎ፣ ያው ነው። ልጆች ሆነን አጎታችን ያመጣልን፣ አንተ አውራ ጣትህ እስኪላጥ የተጫወትክበት ግራጫው የጌም ማሽን። «ሙዚቃሽን ለምን በኮምፒውተር አትሠሪውም?» ላልከኝ፣ ኮምፒውተር የጠየቅሁትን ሁሉ ስለሚሰጠኝ ነው የማልሠራበት። ይሄኛው ያለው አራት ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ የደንብ ልብስ ቅድ ስቆርጥ የምውል ሰው ነኝ፤ ከጥቅል ጨርቅ ከወጣ ሸሚዝ ይልቅ ከቁርጥራጭ የወጣው እንደሚያኮራ አውቃለሁ። ሰዎቹ ቺፕቲዩን የሚሉት ሙዚቃ፣ ከድሮ የጌም ማሽን ሆድ የሚወጣው፣ ሌላ ምንም አይደለም፤ በቁርጥራጭ ጨርቅ ሸሚዝ መስፋት ነው።

ለአራቱ ድምፆች ያወጣንላቸውን ስም ረስተህ እንደሆነ ላስታውስህ። ሁለቱ ቀጫጭኖች እኔና አንተ ነን፤ ስንጨቃጨቅ ውለን የምናድረው። ሹሹ የሚለው በግድግዳ በኩል የሚያዳምጠን ጎረቤታችን ነው። ወፍራሙ አባባ ነው። የማሽኑ ሠሪዎች ለወፍራሙ ድምፅ መቀነሻ አላበጁለትም፤ ወይ ይናገራል ወይ ዝም ይላል፣ መካከለኛ የለውም። አባታችን ነፍሱን ይማረውና፣ የሚነፋውን ጥሩምባ አስቀምጦ «ይቺ ልጅ ፌንጣ ታዘፍናለች» ብሎ ስም ሲያወጣልኝም ያው ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነው ፌንጣ ሆኜ የቀረሁት።

አሁን የታመመው አባባ ነው። ዘፈን መሃል ላይ ድንገት ጥፍት ይላል፤ ማሽኑን መታ ሳደርገው ይመለሳል። ግንቦት 16 ከሰዓት በኋላ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ እንድጫወት ተጋብዣለሁ። ከኮምፒውተር አይፈቀድም፣ ከማሽኑ ብቻ ነው። ስምንት ወር የሠራሁት ዘፈን ነው፤ በዚህ ማሽን እንጂ በሌላ አይሆንም። ሌላ ጠጋኝ እንዲነካውም አልፈልግም።

ደግሞ ስልክ ለምን አታነሳም? «ሱቁ ጫጫታ ነው» የሚለውን ሰበብ ከሰማሁት ዓመት አለፈው። ሱቅህ ውስጥ ወፍጮ ተከልክ እንዴ?

ፌንጣ

*

የካቲት 29
(ያልተላከ)

እህቴ፣

ማሽኑ ደርሷል። ብርድ ልብሶቹን ባለቤቴ ወስዳቸዋለች፤ የምትመልስልሽም አይመስለኝም።

ስልክ የማላነሳው ሱቁ ስለሚጮህ አይደለም። ያንቺ ድምፅ ስለማይሰማኝ ነው። የወንድ ድምፅ ቢሆን እንደ ምንም እይዘዋለሁ፤ ያንቺ ቀጭን ነው፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ነፋስ ብቻ ይሆናል። የጆሮ ሐኪሙ አንድ ወረቀት አሳይቶኛል። ከግራ ደህና የመጣ መስመር ቀኝ ሲደርስ ገደል ይገባል። ግራው ወፍራም ድምፅ ነው፣ ቀኙ ቀጭን። «ገደሉ በየዓመቱ ወደ ግራ ይጠጋል» አለኝ፤ ሰውየው ለማስተዛዘን የተፈጠረ አይደለም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሬዲዮውን ይዞ ሲመጣ ሳልከፍተው ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ «ይሄ ከስፒከሩ አይደለም፣ ከውስጥ ነው» የምል ሰው ነበርኩ። አሁን የምሠራው በዓይኔ ነው። ኦሲሎስኮፕ የሚባለው መሣሪያዬ ድምፁን በትንሽ ስክሪን ላይ መስመር አድርጎ ይስልልኛል፣ መስመሩ ካማረ ተጠገነ እላለሁ። እስካሁን ማንም አልነቃብኝም። ያጠራጠረኝን ሥራ «መለዋወጫው የለም» ብዬ እመልሰዋለሁ። ጥርስ የሌለው የጥርስ ሐኪም እንኳ ይሠራል፤ የማይሰማ የድምፅ ጠጋኝ ግን ማን ያምነዋል? መንገዱ የሰማ ዕለት ሱቁ አበቃለት። ከሱቁ ውጪ ምን እንደሆንኩ ደግሞ አላውቅም።

ይሄን ካወቅሽ ማሽንሽን ለሌላ ሰው መላክ አለብሽ። እውነቱን ለመናገር ብትልኪው ነው የሚሻልሽ። እኔ ግን አንቺ «ሌላ ጠጋኝ እንዲነካው አልፈልግም» ስትዪኝ

*

መጋቢት 4

ይድረስ ለውድ እህቴ ለፌንጣ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ለጤናዬ እጅግ በጣም ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ማሽንሽም ደህና ነው። የአባባ በሽታ የተሰነጠቀች የብየዳ ነጥብ ነበረች፤ ከሰናፍጭ ፍሬ አትበልጥም፣ በአጉሊ መነጽር ነው ያገኘኋት። እንደገና በየድኳት። ከእንግዲህ አባባ እንደ ልማዱ ያለ ማቋረጥ ይናገራል።

እዚህ ከደረስኩ አይቀር ብዬ የውስጡን ሁሉ አጸዳሁልሽ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆዩ ሦስት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጥቃቅን ጣሳዎች፣ አርጅተው አገኘኋቸውና በአዲስ ተካኋቸው። መስመሩን ብታዪው! ስመጣበት እንደ ሰነፍ ተማሪ አገጭ ዙሪያውን ፀጉር ነበረበት፤ አንዲት ሳላስቀር ላጨሁልሽ። አሁን በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

«ስትሰማው እንዴት ነው?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ልዩ ነው። ምን እላለሁ፣ ልዩ ነው።

ስልኩን በተመለከተ ሱቁ አሁንም እንደ ጮኸ ነው። ደብዳቤ ምን አለው? ሰው እያሰበ ይጽፋል።

ወንድምሽ

*

መጋቢት 19

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ፤ አሁን ብጽፈው ውሸት ይሆንብኛል።

ማሽኑን አብርቼ ተቀመጥኩ። ዝም። ተበላሽቶ መሰለኝ። ዘፈኑን አስጀመርኩት፣ አባባ አልጠፋም፣ ሁሉም በቦታው አለ። ግን ማሽኑ ሲበራ ጀምሮ ከሥር «እምምም» እያለ የሚያንጎራጉረው ነገር የለም። ያ እንጉርጉሮ ከሁለት ኖታዎች መካከል የተቀመጠ፣ በየትኛውም ፒያኖ ላይ የማይገኝ ድምፅ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ አራቱን ድምፆች የቃኘኋቸው በእሱ ልክ ነው። ዘፈኑ ውስጥ ሰባት ቦታ ላይ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ዝም የሚሉት ሰው እሱን ብቻ እንዲሰማ ብዬ ነው። አሁን እነዚያ ሰባት ቦታዎች ባዶ ናቸው። የቀረውም ዘፈን የተቃኘበት ነገር ስለጠፋ፣ ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ «ልጅቷ መቃኘት አትችልም» ይላል።

ፀጉር ብለህ የላጨኸው ዘፈኔን ነው።

አስቀድመሽ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። መንገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም። አንዴ አብርቶ ያዳመጠ ሰው ይረዳዋል፣ አንተማ ከማንም በፊት ትረዳዋለህ ብዬ ነው። አብርተህ አላዳመጥከውም ማለት ነው? ለእህትህ ሥራ አምስት ደቂቃ ማዳመጥ ይከብዳል? ወይስ ሰምተህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ?

ትናንት ደወልኩ። ባለቤትህ «ወጥቷል» አለችኝ። ከኋላዋ ስትስል ሰማሁህ። ሳልህን አላጣውም።

ሁለት ወር ቀርቶኛል።

እህትህ

*

መጋቢት 27

ፌንጣ፣

አብርቼው ነበር። አዳምጬውም ነበር። እንጉርጉሮውንም ሰምቼዋለሁ፤ ቀጫጭኖቹ በእሱ መቃኘታቸውን ስላልሰማሁ ግን ብልሽት መሰለኝ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ የካቲት መጨረሻ ላይ ጽፌ ያልላክሁት ወረቀት አለ። ዳር ዳሩ የተጨማደደው አንዴ ጥዬው መልሼ ስላነሳሁት ነው። እሱን አንብቢ፤ ሁለተኛ ለመጻፍ አቅሙ የለኝም። መጨረሻው ላይ የተቋረጠው ዓረፍተ ነገር ለምን እንደተቋረጠ አትጠይቂኝ።

ይቅርታ። ሌላ የምለው የለኝም።

ወንድምሽ

*

ሚያዝያ 4

ይድረስ ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ አንብቤ አጠፍኩትና የአንድ ዘበኛ ሱሪ ቀኙን እግር ከግራው አሳጥሬ ቆረጥኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። የክፍሉ ኃላፊ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። አየህ፣ የቤተሰባችን በሽታ ነው፤ ጆሮውን አይደለም የምልህ፣ «ምንም» ማለቱን ነው።

መጀመሪያ ይቅርታዬን ተቀበለኝ። «ጆሮ ዳባ ልበስ» ያልኩህን ከወረቀቱ ላይ ልፍቀው አልችልም፣ አንተ ጋ ነው ያለው። ቀድደህ ጣለው።

ከዚያ ቀጥሎ ልቆጣህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? (ይሄንንም ልፍቀው ነበር፤ ግን ሳቄ መጣና ተውኩት።) አምና ቤቴ መጥተህ የዘፈኑን መጀመሪያ አሰማሁህ። ራስህን እየነቀነቅክ «ግሩም ነው» አልከኝ። እኔ ስምንት ወር የሠራሁት እኮ ያንን «ግሩም ነው» ይዤ ነው። ሲደክመኝ፣ ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው ሲቀር፣ «ወንድሜ ሰምቶታል» እል ነበር። ያን ዕለት ምን ሰምተህ ነው ያልከው? እንደው ጥያቄ ሆኖብኝ ነው፤ መልስ ካልፈለግክ አትመልስልኝ።

«ሌላ ጠጋኝ ፈልጊ» የምትለውን ግን አልሰማህም። የእኔም ጆሮ አልፎ አልፎ አይሰማም። ማሽኑን መልሼ አልልከውም፣ መንገድ ላይ የሚያልቅ ጊዜ የለኝም። የሚሠራውን አንተ ንገረኝ፣ በእጄ እኔ እሠራዋለሁ። በአንድ ክር ስፋት ሳልሳሳት የምቆርጥ እጅ አለኝ፤ መበየጃ መያዝ ምን ያቅተዋል? ብቻ አንድ ነገር ንገረኝ፤ አሮጌዎቹን ካፓሲተሮች ጥለሃቸዋል?

ፌንጣ

*

ሚያዝያ 12

ይድረስ ለፌንጣ፣

እኔ ዕቃ እጥላለሁ? ባለቤቴ ቤቱ መላወሻ አጣ የምትለው ለምን ይመስልሻል? ሦስቱም በክብሪት ቀፎ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ይኸው ልኬልሻለሁ። አንቺ የጨርቅ ሰው ስለሆንሽ እንዳይምታቱብሽ በክር አስሬያቸዋለሁ፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ። የየትኛው ቦታ የቱ እንደሆነ ሥዕሉ ላይ አለ። እንጉርጉሮሽ ከሦስቱ ካንዱ የመጣ ነው፤ ከየትኛው እንደሆነ ግን ማሽኑ ፊቴ ስለሌለ አላውቅም።

አሁን አደራ ስሚኝ። ማሽኑን ከመሰኪያው ንቀዪና ሻይ ጠጥተሽ ተመለሺ፤ ውስጡ የተጠራቀመው ይውጣለት። መበየጃው ሲግል ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጊ። ማሞቅ ያለብሽ ነጥቡን ነው እንጂ ቀልጦ የሚይዘውን እርሳስ ራሱን አይደለም፤ ከሦስት ሰከንድ በላይ አትቆዪበት። የካፓሲተሩ አንድ ጎን ላይ ቁልቁል የወረደ መስመር አለ፤ ያ ጎን ነጌቲቭ ነው፣ ገልብጠሽ ካስገባሽው እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳል። አንድ በአንድ ሞክሪ። አዲሱን ነቅለሽ በቦታው አንዱን አሮጌ ታስገቢያለሽ፣ ትሰሚያለሽ፣ ታወጪያለሽ።

ከዚያ የሰማሽውን ትጽፊልኛለሽ። «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» እንዳትዪኝ። እሱን ሰው ሁሉ ይላል። ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ፣ እኔ ከዚያ ተነስቼ እነግርሻለሁ።

ስለ «ግሩም ነው» ጠየቅሽኝ። አልመልስም ብዬ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ዕለቱን አባባን ሰምቼዋለሁ፣ ጎረቤታችንንም በመጠኑ። እኔና አንቺን ግን አልሰማሁም፤ ስንጨቃጨቅ ከንፈር ብቻ ነበር የሚታየኝ። ግን እጅሽን አየሁት። ዝም የሚሉበት ቦታ ሲደርስ እጅሽ ከቁልፉ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ይቆያል፣ ፊትሽም አብሮ ያዳምጣል። ያንን አይቼ ነው ያልኩት። ውሸት ነው ካልሽ ውሸት ነው።

ሐኪሙ የሰጠኝን ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል መሣሪያ ቤት ውስጥ አደርገዋለሁ። ንግግር ያጎላልኛል፤ የጠፋውን ቀጭን ድምፅ ግን አይመልስም፣ ደግሞ ያሳክካል። ሱቅ ይዤው አልሄድም። «ሰው እንዳያይብህ ነው» ስትዪኝ ይሰማኛል፤ አዎ፣ ሰው ያይብኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የእኔስ ጭራሽ ከቤት ወጥቶ ስለ እኔ ሊያወራ ነው።

ወንድምሽ

*

ሚያዝያ 24

ወንድም ጋሼ፣

የግራ እጄ አመልካች ጣት በመጠኑ ተጠብሷል፤ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ። ፈንዲሻ አልፈነዳም። እርሳሱ ነጥቡ ላይ ቀልጦ ቁጭ ሲል ደስ ይላል፤ ለካ ሃያ ስድስት ዓመት ብቻህን ስትደሰት ነው የኖርከው።

የታዘዝኩትን ልጻፍ።

ነጩን አስገባሁ። ሳበራው «ጠብ» የምትል አንዲት ድምፅ፣ አንድ የውሃ ጠብታ ባዶ ባልዲ ላይ። ከዚያ ምንም። ነጩን አውጥቼ ቀፎው ውስጥ መለስኩት።

ቀዩን አስገባሁ። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ። ትልቋ ሰነፏ ሳትሆን ትንሿ ቁጡዋ ናት። ክፉኛ ትነዘንዛለች። ለብቻዋ ብትሰማት ግድግዳ ላይ ታስወጣሃለች።

ሰማያዊውን አስገባሁ። ተነስቼ ቆምኩ፤ እሱ ነው፣ እንጉርጉሮዬ ነው። በግድግዳ ማዶ የሌላ ሰው ፍሪጅ ሲሠራ የሚሰማው ዓይነት። ዘፈኑን አስጀመርኩት፣ ቅኝቱ ገባልኝ። አለቀስኩ ብልህ አትመነኝ፣ ጭሱ ነው።

ግን ወንድም ጋሼ፣ ያው ሆኖ ያው አይደለም። ጉንፋን ይዞት የዳነ ሰው ይመስላል፤ ለስልሷል። ድሮ ከእንጉርጉሮው ላይ ጥሩ ደረቅ አሸዋ ነበረበት፣ ጫማ ሥር እንደሚንኮሻኮሸው። አሁን አሸዋው የለም። አንድ ቀን ሙሉ አስቤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ነጩንም ከሰማያዊው ጋር ሞከርኩት፣ አልሆነም። ምናልባት ትውስታዬ አሳምሮብኝ ይሆናል፤ ካልክ እተወዋለሁ። ሦስት ሳምንት ቀርቷል።

ፌንጣ

*

ሚያዝያ 30

ፌንጣ፣

ይሄ ፖስታ ዛሬውኑ እንዲሄድ በሩጫ ነው የምጽፈው።

ትውስታሽ አላሳመረም። ቀዩንና ሰማያዊውን አንድ ላይ አስገቢያቸው። አሸዋ ያልሻት ያቺው ቁጡዋ ዝንብ ናት፤ ለብቻዋ ስትሆን ትነዘንዛለች፣ እንጉርጉሮው ላይ ስትቀመጥ አሸዋ ትሆናለች።

ስክሪኑ ላይ ያየሁት ፀጉር አንድ ነበር የመሰለኝ። ሁለት እንደነበረ አሁን ከደብዳቤሽ ነው ያወቅሁት። ሃያ ስድስት ዓመት ከሠራሁበት ስክሪን ያላየሁትን ነው የነገርሽኝ።

ግንቦት 16 ወደ አዳራሹ እንድመጣ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። አልመጣም። ሰው መሃል ተቀምጬ ያልሰማሁትን በጭብጨባ እንድሸኝ አታድርጊኝ፤ ሁለተኛ «ግሩም ነው» ልልሽ አልፈልግም። እንደ ካፓሲተሮቹ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

*

ግንቦት 18

ይድረስ ለወንድሜ፣

አልፏል። ቁጭ ብለህ አንብበው፣ ረጅም ነው።

አዳራሹ አዳራሽ አይደለም፤ የቀድሞ የቀለም መጋዘን ነው፣ አርባ የሚሆኑ የፕላስቲክ ወንበሮች ያሉት። ማሽኔን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቼ ሳበራው እንጉርጉሮው ቤቱን ሞላው። የአዳራሹ ድምፅ ተቆጣጣሪ ከነገመዱ እየሮጠ መጣ። «ሃም አለበት፣ ሃም አለበት፣ አሁን አጠፋልሻለሁ!» (እንጉርጉሮዬን መሆኑ ነው) ብሎ ቁልፉን ሊያዞር ሲል እጁን ያዝኩትና «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩበት። ሰው ሁሉ ዞረ። ልጁ ደንግጦ «ይሄ እኮ ብልሽት ነው» አለኝ። «አዎ፣ ወንድሜ ነው የጠገነው» አልኩት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው፤ ልጁ አሁንም ሁለቱም አብደዋል ብሎ ያስባል።

አሁን ዘፈኑን ልንገርህ። መጀመሪያ እንጉርጉሮው ብቻ ነው፤ ሰው ገና ወንበር እያስተካከለ ነው፣ የጀመረ አይመስለውም። ከዚያ አባባ ይገባል፤ ሦስት እርምጃ ይራመድና ይቆማል፣ ሦስት ይራመድና ይቆማል፣ ቁልፍ የጠፋበት ሰው በኮሪደር ሲመላለስ። ከዚያ እኔ እገባለሁ፣ ቀጭን ነኝ፣ በጣም እፈጥናለሁ፣ እንደ ስፌት መኪና መርፌ። አንተ በግማሽ እርምጃ ዘግይተህ ያንኑ ትደግማለህ፤ ስለዚህ ጭቅጭቅ ይመስላል እንጂ የምንለው አንድ ነገር ነው። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጎረቤታችን በመሃል በመሃል አቧራ ያራግፋል።

ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል። ሰባቱ ቦታዎች እነዚህ ናቸው። በመጀመሪያው አንዱን ሳል ያዘው፣ በሁለተኛው አንዲት ሴት ቦርሳ ከፈተች። በአራተኛው ማንም አልተንቀሳቀሰም። አርባ ሰው በአንድ አሮጌ ማሽን እንጉርጉሮ ውስጥ ተቀምጦ አየሁ። አሸዋውም ነበር፣ እያንዳንዷ ፍሬ። ሰባተኛው ላይ ዘፈኑ አይመለስም፤ እንጉርጉሮው ብቻ ይቆይና ማሽኑን አጠፋዋለሁ።

ሰዎቹ ያሉኝን አልጽፍልህም፤ ትኮራብኛለህ፣ ከዚያ ምክር ትጀምራለህ።

አሁን ስለ ሱቁ። ያንን የተጨማደደ ወረቀት ከላክህልኝ ወዲህ ሱቁ ምን እንደሚሆን አንድም ቃል አልጻፍክልኝም። ሬዲዮ ይዘው የሚመጡትን «መለዋወጫ የለም» እያልክ እስከ መቼ ትመልሳቸዋለህ? እኔን እንዳስጻፍከኝ እነሱንም አስጽፋቸው። በርህ ላይ ማስታወቂያ ስቀል፤ ምክንያቱንም ጻፍበት። ምክንያቱን ካልጻፍክ ግን ያው በሁለት ብርድ ልብስ መጠቅለል ነው።

የምትወድህ እህትህ

*

ሰኔ 9

ይድረስ ለፌንጣ፣

ደብዳቤሽን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ባለቤቴ «ማንን እያዳመጥክ ነው?» አለችኝ። «እህቴን» አልኳት። በዚህ ይብቃን፤ ከዚህ በላይ ከጻፍኩ ቀለሙ ይረጥባል።

ማስታወቂያውን ሰቅያለሁ። «ድምፁ የታመመ ዕቃ የምታመጡ ደንበኞች፣ የምትሰሙትን ጽፋችሁ አምጡ» ይላል። ምክንያቱን አልጻፍኩም። ፈራሁ፣ አልዋሽሽም። ሰዉም ምክንያት አልጠየቀም፤ እንደ ክሊኒክ አዲስ አሠራር ነው የመሰለው። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ «ዘመናዊ ሆንክ» አለኝ።

ወረቀቶቹን ብታያቸው! ሰው ስለ ድምፅ ሲናገር እንጂ ሲጽፍ እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም። አንዱ «ዜና አንባቢው አፉ ውስጥ ድንች ይዟል» ብሎ ጽፏል፤ ስፒከሩ ተቀዶ ነበር። አንዷ «አማቴ ስታንኮራፋ» ብላለች፤ ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል፣ ሳልከፍተው አወቅሁት። ከዓመት ወዲህ እንዲህ አልሠራሁም። «መለዋወጫ የለም» የሚለው ቃል ከአፌ ጠፍቷል። እና ተመችቶኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱ ሳይጻፍም ሥራው ይሄዳል አልኩ።

ማክሰኞ ዕለት ረፋዱ ላይ አንዲት እናት መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ መንገዱ ሁሉ ያከብራቸዋል። ትንሽ ሬዲዮ በሻሽ ጠቅልለው ይዘዋል። ወረቀታቸው እንደ አስተማሪ ወረቀት ኅዳጉ የተሰመረ ነው። «በየቀኑ ድምፁ እየደከመ ነው። በተለይ የሴቶቹ። እስከ ጥግ ከፍቼዋለሁ። የቤት ሰዎች ደህና ነው፣ እንዲያውም በዛ ይሉኛል። እኔ ግን ሊሞት የተቃረበ ይመስለኛል፤ እባክህ አድንልኝ» ይላል።

ሬዲዮውን ከፈትኩት። መስመሩን በስክሪኑ አየሁት። ምንም የለበትም፤ የዛሬ የተሠራ ነው የሚመስለው። ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። «በተለይ የሴቶቹ» የምትለዋ ላይ ስደርስ የሐኪሙ ገደል ትዝ አለኝ።

ሁለት ነገር ማድረግ እችል ነበር። ክዳኑን ገጥሜ «ጠግኜዋለሁ» ብዬ ልሸኛቸው እችላለሁ፤ ቤታቸው ገብተው እንደገና ከፍ ያደርጉታል፣ በሳምንቱ ተመልሰው ይመጣሉ፣ እንደገና እሸኛቸዋለሁ። አንድ ዓመት እንዲህ ማለት እንደሚቻል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እማማ፣ ሬዲዮው ጤነኛ ነው» አልኳቸው።

«ምን አልክ?»

«ሬዲዮው ጤነኛ ነው። እኔም እንደ እርስዎ ነኝ፣ አይሰማኝም።» ዝግ ብዬ ነው ያልኩት። ከሐኪሙ፣ ከባለቤቴና ከአንቺ በቀር ለሰው ብዬው አላውቅም፤ ከአፌ ሳወጣው ከባድ ነበር።

«እ?» አሉና እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠጋ አሉኝ።

ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ራሳቸውን ወዘወዙ። «ጮክ በልልኝ የኔ ልጅ፣ ታጉረመርማለህ።»

ምን ላድርግ ፌንጣ? ወረቀትና እርስክሪብቶ ፊቴ ነበር፣ ልጽፈው እችል ነበር። ትዝም አላለኝ። ተነስቼ ቆምኩና ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ «እማማ! እኔም ጆሮዬ አይሰማም!» ብዬ ጮህኩ።

መንገዱ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ ብቅ አለ፣ ደንበኛውም ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ከኋላው። የማዶዋ ጫማ ሻጭ አንድ እግር ጫማ በእጇ እንደያዘች ቀረች። ታክሲ ጠባቂዎቹ በሙሉ ወደ ሱቄ ዞሩ። ሁሉም ሰምተዋል። አንድም ያልሰማ የለም። ፊቴ ነደደ፤ ሱቁን ዘግቼ ወደ ውስጥ ልገባ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

እማማ መንገዱን አላዩትም። እኔን ብቻ ከላይ እስከ ታች አዩኝና የደንበኛ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስጮህሃል?» አሉኝ።

ወንድምሽ